የስንብት መብራት

ስሟ በማይነሣ በአንዲት አገር፣ ሰው ከሥራው ሲመለስ የሚያመሽበት አንድ ቤት ነበረ። የጥላ ቤት ይሉታል። በቤቱ መካከል ነጭ ሸማ ተወጥሯል፤ ከሸማው ጀርባ መብራት ይበራል። ከቆዳ የተቀረጹ ሰዎችና ፈረሶች በመብራቱ ፊት ያልፋሉ፤ ጥላቸው ሸማው ላይ ይወድቃል። ከወዲህ በኩል አገሩ ሁሉ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ወዳጅም ባላንጣም እዚያው ነው። ያለው ለመብራቱ የሚሆን ጥቂት ዘይት ይዞ ይመጣል፤ ያጣ ባዶ እጁን ይገባል፤ ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

የቤቱ ጌታ ሲሞት ልጆቹ ተጣሉ። እያንዳንዱ የራሱን ጥላ ቤት ሠራ፤ ተረቶቹንም እንደ ከብት ተከፋፈሏቸው። እነሱን አይተው ሎሌዎቻቸው ሠሩ። ከዚያ የዘይት ነጋዴዎች ሠሩ፤ ቀጥሎም የዘይት ነጋዴዎቹን እናውቃለን የሚሉ ሰዎች። የአገሩ ጥላ ቤት ከአገሩ የውኃ ጉድጓድ በለጠ።

ሕግም ወጣ። ወደ ጥላ ቤት የሚገባ ሁሉ የዚያን ቤት ክር ክንዱ ላይ ያስራል፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቀለም አለው። ክሩ ክንድ ላይ እስካለ ድረስ፣ ሰውየው ጥላ አየም አላየም፣ ጨረቃ በሞላች ቁጥር የቤቱ ዘይት ቀጂ ዘይት ሊያስከፍለው በሩ ላይ ይቆማል።

«በዚህ ወር እኮ አንድ ቀንም አልመጣሁም» ቢለው፣

«እርስዎ አልመጡም፤ ክሩ ግን አለ» ይላል ቀጂው፣ እንስራውን እያወረደ።

ክር ማዋስ ክልክል ነው። የክንድ መርማሪ የሚባል ሹም በየበሩ ቆሞ ክንዱ የባለቤቱ መሆኑን ያጣራል። አንድ ሰውና የእኅቱ ልጅ በአንድ ክር ተጠላልፈው ሲገቡ ተይዘው፣ ክንዳቸው ተለያይቶ እንዲኖር ተፈርዶባቸዋል። ትንሽ ዘይት የሚከፍልበትን ቀጭን ክር ያሰረ ሰው ደግሞ፣ ልክ የተረቱ ጦርነት ሲግል ሳሙና ሻጭ መጥቶ ከፊቱ ይገተራል። ሳሙናውን አስሽትቶ እስኪጨርስ ጦርነቱ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን የማይፈልግ ወፍራም ክር ያስር።

መታሰር ቀላል ነበር። ክር አሳሪዎች በየመንገዱ ቆመዋል፤ ለሰላምታ እጅህን ስትዘረጋ አስረው ይለቁሃል። መፈታት ግን አንድ መንገድ ብቻ ነበረው። እሱን ኋላ እንደርስበታለን።

በዚህች አገር ይታገሱ የሚባል ግድግዳ መራጊ ይኖር ነበር። ሚስቱ ስንዱ ትባላለች። ብርቄ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው።

ቀይ ክር የሚያስረው ቤት የታላቁ ልጅ ቤት ነው፤ ከአባቱ ልማድ አንዱን ይዞ ቆይቷል። በልጆች በዓል ቀን የሰፈሩ ልጆች ይጠሩና ቆዳ ቀራጩ መልካቸውን በቆዳ ይቀርጻል። ከዚያ «የዝናብ ሠርግ» በሚባለው ተረት መጨረሻ፣ ሠርገኛው ሲያልፍ፣ እነሱ ከኋላ እንደ ጭፍራ ይሮጣሉ። ብርቄን «ቁሚ» ቢሏት እምቢ አለች። ቀሚሷን ሰብስባ በግቢው ዙሪያ ስትሮጥ፣ ቀራጩ እየሳቀ እንደሮጠች ቀረጻት። በአናቷ ላይ አልተኛ ያለችውን አንዲት ጉንጉን እንኳ አልተዋትም።

በዚያው ክረምት ትኩሳት ወሰዳት። ከዚህ በላይ የሚነገር የለም።

ከቀብሩ በኋላ ባልና ሚስት በየሳምንቱ ቀይ ቤት ይሄዱ ጀመር። የዝናብ ሠርግ ረጅም ነው። ዝናብ ሽማግሌ ይልካል፣ የምድር አባት እምቢ ይላል፣ ድርቅ ይመጣል፣ እርቅ ይወርዳል። እነሱ ያን ሁሉ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። መጨረሻ ላይ ሠርገኛው ያልፋል፤ ከጭፍራው ሁሉ ኋላ አንዲት ጉንጉኗ የቆመ ልጅ ቀሚሷን ሰብስባ ታልፋለች። ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው። ያን ጊዜ ስንዱ የባሏን እጅ ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች፤ ልጅቷ ካለፈች በኋላ ትለቀዋለች። ከዚያ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ማምሻውን ሲደርሱ ሌላ ተረት ተወጥሮ ቆያቸው። የቀይ ቤት ሹም ወንድይፍራው የሚባል፣ ጢሙን ተቀብቶ የሚያብለጨልጭ ሰው ነበር።

«የዝናብ ሠርግ ወጥቷል» አላቸው።

«ወዴት?» አለ ይታገሱ።

«ከእኛ ወጥቷል።»

«እሱማ ገባኝ፣ ጌታዬ። ወዴት ገባ?»

«እኛ የምናውቀው መውጫውን ነው። መግቢያውን የገባበት ቤት ያውቃል። ግን አይዘኑ፤ ዛሬ ስለ አንበጣ ጦር የሚያወራ አዲስ ተረት አለን። የዝናብ ሠርግን የወደዱ ሰዎች ይህንንም ወደውታል።»

«ገና ዛሬ የጀመረ አይደለም እንዴ?» አለች ስንዱ። «ማን አይቶ ነው የወደደው?»

«ይወዱታል» አለ ወንድይፍራው።

ይታገሱ ፍለጋ ወጣ። አረንጓዴ ቤት «በቅርቡ ይገባል» አሉት፤ ቅርቡ መቼ እንደሆነ ቢጠይቅ፣ እሱን ለማወቅ ክር ያስፈልጋል አሉት፤ አሰረ። ሰማያዊ ቤት ውስጥ የዝናብ ሠርግ ነበረ፤ ግን ሽማግሌዎቹ ተልከው እንደሄዱ ያልቃል። የቀረውን ማን ያዘው ቢል ትከሻቸውን ነቀነቁ። ቢጫ ቤት በር ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፏል፤ ውስጥ የሚያሳዩት ግን የበረዶ ሠርግ ነው፤ «ይመሳሰላል» አሉት። በየቤቱ አሰረ። ጭቃ ሲረግጥና ሲመርግ ክሮቹ ጭቃውን ይጠጡና ክንዱ ላይ ይደርቃሉ። ማታ ማታ ያሳክኩታል።

ጎረቤቱ ጋሼ ልመንህ ክንዱን አይተው ሳቁ። የእሳቸው ክር ከእጅ አንጓ አልፎ ክርናቸው ደርሷል።

«ገና ጀማሪ ነህ አንተ» አሉት። «እኔ ሸሚዝ ከገዛሁ ቆየሁ፤ እጅጌው በነጻ ነው።»

«ሁሉንም ያያሉ፣ ጋሼ?»

«የት ጊዜ አለኝ? የትኛው የትኛው ቤት እንደሆነ ስፈልግ ይመሽና እተኛለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይልቅ ዐዋጁን ሰማህ? ዓመቱ ሲያልቅ ሰው የማያያቸው ቆዳዎች ሁሉ ይነከራሉ አሉ። ተፍቀው ከበሮ ሊሆኑ።»

ይታገሱ የያዘው ምርግ ከእጁ ወደቀ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልተኛም። ጨረቃ ሞላች፤ ቀጂዎቹ ተራ በተራ በሩ ላይ ቆሙ። መጀመሪያ የማሰሮው ዘይት አለቀ፤ ቀጥሎ ከኩራዙ ገለበጡ። ስንዱ ራት ፀሐይ ሳትጠልቅ ታቀርብ ጀመር። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት ጨለማ ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

«ፊትህን ካየሁ ቆየሁ» አለችው አንድ ምሽት።

«እዚህ ነኝ።»

«ድምፅህማ እዚህ ነው» አለች። «እሷን እንፈልጋለን ብለን እኛ ጠፋን፣ ይታገሱ።»

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ብርቱካን ክር የሚያስር ቤት ውስጥ የዝናብ ሠርግ ሙሉው ተገኘ። ባልና ሚስት ከፊት ተቀመጡ። ድርቅ መጣ፣ እርቅ ወረደ፣ ሠርገኛው አለፈ። ስንዱ የባሏን እጅ ያዘች። ከሠርገኛው ኋላ ሸማው ባዶ ሆነ። መብራቱም ጠፋ። ስንዱ እጁን አልለቀቀችም፤ ገና እየጠበቀች ነበር።

«እኛ የወሰድነው ሠርጉን ነው» አላቸው የዚያ ቤት ሹም። «ልጆቹ በውሉ የሉም። ቀይ ቤት ቀርተዋል።»

ይታገሱ ወደ ቀይ ቤት ሮጠ። ወንድይፍራውን በር ላይ አገኘው።

«ልጆቹ እዚህ ናቸው?»

«አሉ። ጓዳ ተሰቅለዋል።»

«ታዲያ ለምን አታሳዩንም? ስንት ወር ሙሉ አገር ሳካልል!»

«ተረቱ ሄዶባቸዋል። ተረት የሌለው ጥላ አይታይም። አልጠየቁም እንጂ ቢጠይቁ ይህንኑ እንነግርዎ ነበር።»

«ቆዳዋን ስጡኝና ልሂድ። አንዲት ልጅ ናት፤ ይህችን ታክላለች።» በእጁ አሳየው።

ወንድይፍራው ከልቡ ያዘነ መሰለ። «እኛ እናሳያለን እንጂ አንሰጥም፣ ወንድሜ። በዚህ አገር ጥላ የኔ ነው ያለ ሰው ኖሮም አያውቅ።»

«ልጄ ናት እኮ።»

«ልጅዎማ የእርስዎ ናት። ጥላዋ የቤቱ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ መንከሪያው ይሞላል።»

ይታገሱ ክንዱን ዘረጋ። «እንግዲያው ፍቱኝ።»

ወንድይፍራው ጢሙን ዳበሰ። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቷል፤ ሰምቶም ከስሮ አያውቅም። ምክንያቱም የመፈታት ሥርዓት እንዲህ ነው።

ክር መፍታት የሚፈልግ ሰው እንደሞተ ይቆጠራል። በሸማው ፊት ሰሌን ላይ ያስቀምጡታል፤ ቤተ ሰዎቹ ይጠራሉ፤ የቤቱ አልቃሽ በስሙ ታለቅስለታለች። ቀጥሎ የስንብት መብራት ይበራል። ሰውየው ጥሎት ከሚሄደው ነገር ሁሉ በጣም የሚወደውን ይጠይቃል፤ ያ ጥላ፣ ተረት ኖረውም አልኖረው፣ በቤቱ እስካለ ድረስ ይወጣለታል። መብራቱ ሳይጠፋ ሰውየው «አለሁ» ካለ ክሩ እጥፍ ይሆናል። መብራቱ እስኪጠፋ ዝም ካለ ክሩ ይቆረጣል፤ ወደዚያ ቤት ግን ዳግመኛ አይገባም። በዚያች አገር መብራቱ እስኪጠፋ ዝም ያለ ሰው አልነበረም። ጋሼ ልመንህ ሞክረው ነበር፤ የሚወዷት በቅሎ ጆሮዋ ብቅ ሲል «አለሁ!» ብለው ተነሡ።

«ነገ ማምሻውን ይምጡ» አለ ወንድይፍራው። «ልጆቹን እናወጣለን። ሌላም ልንገርዎ። ‹አለሁ› ካሉ ቆዳዋ አይነከርም። በየሳምንቱ ለእርስዎ ብቻ ትሮጣለች። እጥፍ ዘይት ነው፤ ግን ለልጅ ምን ይበዛል?»

ማታ በጨለማው ይታገሱ ለስንዱ ሁሉን ነገራት።

«ዝም ማለት ትችላለህ?» አለችው።

«አላውቅም። ዝም ካልኩ ነክረው ይፍቋታል።»

«‹አለሁ› ካልክስ?»

ዝም ማለት ልጁን ሁለተኛ መቅበር ነበር። «አለሁ» ማለት ደግሞ ከዚህ ጨለማ አለመውጣት ነው፤ በቤቱ ለእጥፍ ቀርቶ ለአንድ ክር የሚሆን ዘይት የለም።

ጠዋት ሲነሣ ስንዱ ባዶውን ኩራዝ ይዛ ደጃፍ ተቀምጣለች። ከአፉ ዙሪያ ያለውን ጥቀርሻ በቢላ እየፋቀች በጨርቅ ትቋጥራለች። ማታ ስትወጣ አጥባ ያስቀመጠችውን ነጭ ነጠላ ለበሰች።

ቀይ ቤት ሰው ሞልቷል፤ ስንብት ማየት ክር አያስጠይቅም። ይታገሱን ሰሌኑ ላይ አስቀመጡት። አልቃሿ እትዬ ዘርትሁን መጡ፤ በሥራው ያረጁ፣ እንባቸው በትእዛዝ የሚወርድ ሴት ናቸው። ደረታቸውን ሁለቴ መቱና ጀመሩ፦

ማን ሊያየው ነው እንግዲህ የአንበጣውን ጦር፣
ይታገሱ ጥሎን ሲሄድ ባዶ ሲቀር በር።

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እትዬ ዘርትሁን ወደ ስንዱ ዞሩ፤ ከነጠላው ሥር ከል መልበሷን አዩ።

«እውነተኛ ሐዘን አለባችሁ እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ልጃችን ናት።»

«ማን ትባላለች?»

«የተሰናባቹ ስም ብቻ ነው የሚጠራው!» አለ ወንድይፍራው።

እትዬ ዘርትሁን አላዩትም። «ማን ትባላለች፣ ልጄ?»

«ብርቄ።»

አልቃሿ ደረታቸውን አልመቱም። ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና «ብርቄ» አሉ። ደግመው «ብርቄ» አሉ። ግጥም አልመጣላቸውም። የሚስቅ ሰው አልነበረም።

«መብራት!» አለ ወንድይፍራው።

መብራቱ በራ። ልጆቹ እየሮጡ መጡ፤ ሠርግ የለ፣ ዝናብ የለ፣ ልጆች ብቻ። በመጨረሻ ጉንጉኗ የቆመ ልጅ ቀሚሷን ሰብስባ መጣች። አለፈች።

«መልሳት» አለ ወንድይፍራው፣ ከሸማው ጀርባ ቆዳውን ለያዘው ሰው። «ቀስ በል። መሐል ላይ አቁማት።»

ብርቄ ሸማው መሐል ቆመች። እስከዚያ ቀን ቆማ አይተዋት አያውቁም። ይታገሱ አፍንጫዋን አየ፤ ጉልበቷን አየ። ወንድይፍራው ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ አንሾካሾከ።

«አንዲት ቃል ናት። ይበሏት።»

የይታገሱ ከንፈር ተከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር።

ስንዱ ተነሣች። ነጠላዋን አውልቃ በሸማው ላይ ዘረጋችው፤ ጥላው በነጠላው ላይ ወጣ። ጨርቁን ፈታች፤ ጣቷን ጥቀርሻው ውስጥ ነከረችና ከጉንጉኗ ጀምራ የልጇን ጥላ ዳር ዳሩን ትከተል ጀመር።

«ምን እያደረገች ነው?» አለ ወንድይፍራው። «ሸማ መንካት ክልክል ነው!»

«የነካሁት ነጠላዬን ነው» አለች፣ ሳትዞር። ግንባሩን ጨርሳ አገጩ ጋ ደርሳለች።

«አጥፋው! መብራቱን አጥፋው!»

መብራት ያዡ እፍ ሊል ጎነበሰ።

«አታጥፋው!» ብሎ ጮኸ ወንድይፍራው መልሶ። ሰውየው ገና «አለሁ» አላለም፤ መብራቱ አሁን ከጠፋ ክሩ ሊቆረጥ ነው። ካልጠፋ ደግሞ ሴቲቱ ጥላውን ይዛ ልትሄድ ነው። ሹሙ አንዴ ወደ ባል፣ አንዴ ወደ ሚስት ዞረ። ላቡ ጢሙ ላይ ወረደ። «አንተ ሰውዬ፣ በል እንጂ! ልጅህ እኮ ናት! ነገ ትነከራለች!»

ይታገሱ ጥርሱን ነክሶ፣ በቃሉ ፈንታ የብርቄን ስም አፉ ውስጥ ያዘ። የስንዱ ጣት የጥላውን ትከሻ አልፎ በተሰበሰበው ቀሚስ ወረደ። አንዱን እግር እስከ ጣቶቹ አደረሰች፤ ወደ ሁለተኛው ተመለሰች።

«እጇን ያዟት!» አለ ወንድይፍራው። ማንም አልተነሣም። እትዬ ዘርትሁን ሰሌኑ ላይ እግራቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘግተዋል።

«አጥፋው! አጥፋው አልኩህ!»

መብራቱ ጠፋ። ቤቱ ጨለመ፤ የስንዱ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

በጨለማው ውስጥ የእትዬ ዘርትሁን ድምፅ መጣ። «ዝም እንዳለ ጠፋ። ሁላችሁም ሰምታችኋል። ይታገሱ ሞቷል፤ ክሩን ቁረጡ።»

ቆረጡለት። በዚያች አገር አልቃሽ ሞተ ያለችው ሰው ለሁሉም ቤት ሞቷል፤ ከዚያ በፊት ግን እዚህ የደረሰ ባለመኖሩ ማንም አላሰበበትም ነበር። ጨረቃ ስትሞላ ቀጂዎቹ መጡ፤ «እዚህ ቤት የሚኖረው ሰው ሞቷል» አለቻቸው ስንዱ፤ እንስራቸውን እንደያዙ ተመለሱ። ከይታገሱ ክንድ የቀሩትን ክሮች ቆርጣ አጥባ ገመደቻቸውና ለኩራዙ ፈትል አደረገቻቸው። ቀይ ቤትም ያለውን አደረገ፤ ቆዳዎቹ ተነከሩ፤ በአዲሱ ዓመት አዲስ ከበሮ ተመታ። ከበሮው በተመታ ጊዜ ይታገሱ ከቤት አልወጣም።

በዚያው ምሽት በሩ ተንኳኳ። ሟቹ ራሱ ከፈተ። ጋሼ ልመንህ እንጀራ በመሶብ ይዘው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው ቆመዋል።

«ለልቅሶ ነው የመጣሁት» አሉ። «አንተ ነህ እንዴ የምትከፍተው?»

«ሌላ ማን ይክፈት፣ ጋሼ?»

ከይታገሱ ትከሻ በላይ ወደ ውስጥ አዩ። ነጠላው በገመድ ተሰቅሏል፤ ከጀርባው ኩራዝ ይበራል። ከበሩ የገባው ንፋስ ነጠላውን ሲያወዛውዘው በጥቀርሻ የተሣለችው ልጅ ወደፊት ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ሄደች። ጋሼ ልመንህ በክር የተሸፈነ ክንዳቸውን ከኋላቸው ደበቁ።

«ይህን ለማየት የምን ክር ነው የሚታሰረው?»

«ጫማዎን አውልቀው ይግቡ» አለ ይታገሱ።

ገቡ። ስንዱ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ አንገታቸውን ዘመም አደረጉ።

«እግሯ አንድ ነው፣ ስንዱ። ሁለተኛውን ሳትጨርሺው ጠፋብሽ?»

ስንዱ በመብራቱ የባሏን ፊት አየች። ከዚያ ወደ ነጠላው ዞረች።

«አልጠፋብኝም» አለች። «እየሮጠች እኮ ነው። ያኛው ገና መሬት አልነካም።»